ቶንሲሉ ከወጣ 5ኛ ቀኑ፣ ህመሙ ግን ባሰበት

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ልጄ ቶንሲሉን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ 5ኛ ቀኑ ነው። መድኃኒት እንዳይለምድ ብዬ የታዘዘለትን የፓራሲታሞል ሽሮፕ ሲያለቅስ ብቻ ነው የምሰጠው። ጉሮሮው ነጭ ሆኗል፤ ጆሮዬንም አመመኝ ይላል። ትናንት ማታ ሲብስበት ለአባቱ ወገብ ከታዘዘው የትራማዶል ካፕሱል ግማሹን በጥብጬ ሰጠሁት። ማስታገሻ ለስንት ቀን ልስጠው?

መልስ፦ ቁስሉ ያመረቀዘ መስሎዎት እንደተጨነቁ ይገባኛል። ነጩ ነገር መግል ሳይሆን የቁስሉ ቅርፊት ነው፤ አፍ ውስጥ እንዲያ ሆኖ ይታያል። ጉሮሮና ጆሮ የሚጋሩት ነርቭ ስላለ ጆሮውንም ያመዋል። በ4ኛና በ5ኛው ቀን መባሱ የተለመደ ነው፤ እስከ 10 ቀን ሊቆይ ይችላል።

ትራማዶሉን ግን ሁለተኛ እንዳይሰጡት! «ግማሽ ብቻ ነው» የሚለውን ሰምቼ ሰምቼ ታክቶኛል። ትራማዶል ጉበት ውስጥ ወደ ሌላ ብርቱ ማስታገሻ ይለወጣል። ይህን ከመጠን በላይ የሚያፋጥን ሰውነት ያላቸው ሰዎች አሉ፤ በእኛ አገር ደግሞ ብዙ ናቸው። በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ለዚህ የሚዳርግ ዘረመል ነበራቸው። እንዲህ ያለ ልጅ እንደተኛ ትንፋሹ እየዘገየ ሊቆም ይችላል፤ ጉሮሮው ሲያብጥ ደግሞ አደጋው ይከፋል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. ከቶንሲል ቀዶ ሕክምና በኋላ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ እንዳይሰጥ የከለከለው ለዚሁ ነው። ልጁ አሁን ከደነዘዘ፣ አልነቃ ካለ ወይም አተነፋፈሱ ከከበደ ይህን ማንበብ ትተው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሩጡ።

ይለምዳል ብለው የፈሩት ግን ፓራሲታሞሉን ነው! ፓራሲታሞል ሱስ አያስይዝም፤ በዚህ ልብዎ ይረፍ። እስኪያለቅስ ሲጠብቁ መዋጥ ይፈራል፣ ውሃ እምቢ ይላል፣ ጉሮሮው ይደርቃል፣ ህመሙም ይብሳል። ሐኪሙ ሌላ መጠን ካላዘዘ፣ በየ6 ሰዓቱ በኪሎ 15 ሚሊግራም ይስጡት፤ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ አይበልጥም። 20 ኪሎ ከሆነ 300 ሚሊግራም ማለት ነው። ጠርሙሱ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም ካለ 12.5 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በሻይ ማንኪያ አይገምቱ፤ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ይለኩ። ከሰጡት ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ያጠጡት።

ቅርፊቱ የሚላቀቀው በእነዚህ ቀናት ስለሆነ ማታ ማታ አጠገቡ ይተኙ። ቀይ ደም ከተፋ ወይም ተኝቶ ደጋግሞ ከዋጠ ደም እየዋጠ ሊሆን ስለሚችል፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ሆስፒታል ያድርሱት።