ስለ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደብሊን የሴቶች ካሞጊ ክለብ ታሪክ፦ ጥያቄና መልስ

የደብሊኗ፦ ባለፈው ሳምንት ስለ ካሞጊ፣ ማለትም የአየርላንድ ሴቶች በዱላ ስለሚጫወቱት የኳስ ጨዋታ፣ ጥቂት መስመር ጽፌ ነበር። ጥያቄው ስለበዛ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ እመልሳለሁ። በዋናነት የምመልሰው ስለ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደብሊን ክለብ ነው። ከመጀመራችን በፊት ሦስት ነገር ላሳስብ። አንደኛ፣ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛ፣ በዚህ አገር «የደብሊን ዩኒቨርሲቲ» ሲባል ትሪኒቲ ኮሌጅ ማለት ነው፤ እኔ የማወራው የብሔራዊው ዩኒቨርሲቲ አባል ስለሆነው ስለ ሌላው ኮሌጅ ነው። ሦስተኛ፣ የካሞጊ ማኅበር የተመሠረተበት ዘመንና ክለቡ የተመሠረተበት ዘመን አንድ አይደሉም፤ እባካችሁ አትቀላቅሏቸው።

ከአዳማ፦ ጨዋታውን ለማናውቅ በአጭሩ ቢገልጹልን?

የደብሊኗ፦ በአንድ ወገን 15 ተጫዋቾች፣ ከአሽ ዛፍ የተጠረበ ጫፉ ጠፍጣፋ ዱላ፣ በቆዳ የተለበጠች ከቡጢ የማትበልጥ ኳስ። ግቡ የላቲኑን «ኤች» ፊደል ይመስላል፤ ከአግዳሚው በታች የገባች ኳስ ሦስት ነጥብ፣ በላይ ያለፈች አንድ ነጥብ ታስቆጥራለች። ወንዶች ሲጫወቱት ሃርሊንግ ይባላል። ቀሪውን ተንቀሳቃሽ ምስል ፈልጎ ማየት ይሻላል።

የታሪክ ተማሪ፦ ክለቡ መቼ፣ በማንና ለምን ተመሠረተ?

የደብሊኗ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምፈልገው። ክለቡ የተመሠረተው በ1914 ነው፤ ከምሥረታውም ስሟ የማይነጠለው ሴት አግነስ ኦፋረሊ ትባላለች። የካቫን አውራጃ ተወላጅ ናት፤ የአይሪሽ ቋንቋን ለመማር በወጣትነቷ በምዕራብ ጠረፍ ወዳሉት የአራን ደሴቶች እየተመላለሰች ከደሴተኞቹ ጋር ትከርም ነበር። ኋላም በዚሁ ኮሌጅ የቋንቋው መምህር ሆነች፤ በ1932 ደግሞ የፕሮፌሰርነቱን ወንበር ያዘች።

ለምን በ1914 ለሚለው፣ ከዚያ በፊት የነበሩትን ጥቂት ዓመታት መመልከት ያስፈልጋል። ሴቶች ዲግሪ ይሰጣቸው የነበረው በአብዛኛው ሮያል ዩኒቨርሲቲ በሚባል፣ ፈታኝ እንጂ አስተማሪ ባልሆነ ተቋም አማካይነት ነበር፤ በደብሊን ትምህርቱን የሚከታተሉትም በአብዛኛው ለብቻቸው በተከፈቱ የሴት ኮሌጆች ነበር። በ1908 የወጣው ሕግ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲውን በደብሊን፣ በኮርክና በጎልዌይ ኮሌጆች ሲያቋቁም ሴቶችና ወንዶች በአንድ አዳራሽ በእኩል መብት እንዲማሩ በሩን ከፈተ። ለዚህ መብት ከተሟገቱት ተመራቂ ሴቶች አንዷ ራሷ ኦፋረሊ ነበረች። ከ1913 ጀምሮ ደግሞ ወደዚህ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት አይሪሽ ማወቅ ግዴታ ሆነ። እንግዲህ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ አይሪሽ የተማሩ፣ ከወንዶች እኩል የተመዘገቡ፣ ነገር ግን የራሳቸው መጫወቻ የሌላቸው ሴቶች ተሰበሰቡ ማለት ነው። ክለቡን የወለደው የቋንቋ ክፍሉ እንጂ የስፖርት ሜዳው አይደለም የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ብሩክ ነኝ፦ ታዲያ ክለቡ በ1904 ተመሠረተ የሚባለውስ?

የደብሊኗ፦ አይባልም። ማኅበሩንና ክለቡን አትቀላቅሉ ብዬ ነበር። በ1904 የተከናወነው የመጀመሪያው የአደባባይ ግጥሚያ ነው፤ ሐምሌ 17 ቀን በናቫን ከተማ፣ ጌሊክ ሊግ የተሰኘው የቋንቋ ንቅናቄ የኪቲንግ ቅርንጫፍ ሴቶች ኩኹላን ከተባለው ቡድን ጋር ተጫውተው በአንድ ግብ አሸነፉ። ማኅበሩ በ1905 ተቋቋመ፤ የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንቱም ሞይራ ኒ ኪኔዴ ነበረች። የጨዋታውን ሕግ ያረቀቀውና ስሙን ያወጣለት ታይግ ኦ ዶናሁ ነው፤ የወንዶቹ ዱላ «ካማን» ስለሚባል የሴቶቹን አጠር ያለ ዱላ «ካሞግ» አለው፤ ካሞጊም ከዚያ መጣ። እነዚህ ሁሉ የቋንቋ ሰዎች እንጂ አሠልጣኞች እንዳልነበሩ ልብ በሉ። ክለቡ ከዚህ ሁሉ አሥር ዓመት ያህል ዘግይቶ የመጣ ልጅ ነው።

ሚሚ፦ ስለ ክለቡ ሁሉንም ይንገሩን።

የደብሊኗ፦ ሁሉንም መናገር አይቻልም። ጥያቄዎን ይወስኑልኝ።

ከዋሽንግተን ዲሲ፦ የዩኒቨርሲቲዎቹ ዋንጫ አሽበርን ዋንጫ የተባለው ለምንድን ነው? አሽበርን ተጫዋች ነበረች?

የደብሊኗ፦ አልነበረችም፤ አሽበርን ወንድ ነው፣ ስሙም የመኳንንት ማዕረግ ነው። ዊልያም ጊብሰን፣ ሁለተኛው ሎርድ አሽበርን፣ የአየርላንድ ሎርድ ቻንስለር የነበረ ሰው ልጅ ነው። አባትየው አየርላንድ ከእንግሊዝ ጋር ያላት አንድነት እንዲጸና የሚሟገት ፖለቲከኛ ነበር፤ ልጁ ግን ወደ ካቶሊክ እምነት ገባ፣ አይሪሽ ተማረ፣ በአደባባይም እንደ ሽርጥ ያለ የጌሊክ ልብስ ለብሶ ይታይ ነበር። ኦፋረሊ ይህን ሰው አግባብታ ዋንጫውን እንዲሰጥ አደረገችው። በ1915 ውድድሩ ተጀመረ፤ የመጀመሪያውን ዋንጫም የወሰደው የደብሊኑ ኮሌጅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ተፎካካሪዎች ደብሊንና ኮርክ ሲሆኑ ጎልዌይ በማግስቱ ዓመት ተጨመረ፤ የቤልፋስቱ ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1930ዎቹ ገባ።

በዚህ አጋጣሚ ለእኛ አንባቢዎች የሚገርም አንድ ነገር ልጨምር። የዚህ ዋንጫ ሰጪ እኅት ቫዮሌት ጊብሰን ናት፤ ሚያዝያ 7 ቀን 1926 ሮም ውስጥ ሙሶሊኒን በሽጉጥ የተኮሰችበት። ጥይቷ አፍንጫውን ጫረችው፤ ሁለተኛው ጥይት ከሸፈ።

አርበኛው፦ እንዴት ይህን ሳንሰማ ኖርን? ለእኒህ ሴት አዲስ አበባ ላይ ሐውልት ይገባቸዋል!

የታሪክ ተማሪ፦ ወንድሜ፣ 1926 ጣልያን አገራችንን ከመውረሩ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ይቀድማል። ስለ እኛ ብላ አልተኮሰችም።

አርበኛው፦ ስለ እኛ አለች አላልኩም። አፍንጫው ከመጫር አልፎ ቢሆን ኖሮ ብዙ ነገር በተለወጠ ነበር ማለቴ ነው።

የታሪክ ተማሪ፦ ቢሆን ኖሮ ታሪክ አይባልም።

የደብሊኗ፦ ሁለታችሁም ይብቃችሁ። ቫዮሌት ወደ እንግሊዝ ተልካ በ1956 እስክትሞት ድረስ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተዘግቶባት ኖረች፤ ደብሊን ውስጥ በአደገችበት ቤት መታሰቢያ የተሰቀለላትም በቅርብ ዓመታት ነው። ካሞጊ ግን አልተጫወተችም። ወደ ክለቡ እንመለስ።

ሰላማዊት፦ 1915 በእኛ አቆጣጠር ስንት ይሆናል?

የደብሊኗ፦ ወሩን ሳይዙ አይቀየርም፤ 1907 ወይም 1908። ዓመቶቹን እንደጻፍኳቸው ውሰዷቸው ብዬ ነበር።

ከጎንደር፦ ይህ ጨዋታ የእኛው የገና ጨዋታ አይደለምን? ቆልማማ ዱላና የእንጨት ሩር ይዘን ያደግንበት ጨዋታ ከእኛ ሄዶ ይሆናል።

የደብሊኗ፦ አልሄደም። ዱላና ኳስ ባለበት አገር ሁሉ ሰው ኳሷን በዱላ መምታቱ አይቀርም። መመሳሰሉ እውነት ነው፤ እኔም በመጀመሪያ ቀን ሜዳ ዳር ቆሜ ሳይ ትዝ ያለኝ ገና ነው። በካሞጊ ግን ኳሷ በአየር ላይ ትመታለች፣ በእጅ ትያዛለች፣ በዱላው ጫፍ ላይ እየተንሳፈፈች ይሮጥባታል። ዝምድና ለማለት ማስረጃ ያስፈልጋል።

የወሎ ልጅ፦ ሩር ሳይሆን ጥንግ ነው የሚባለው።

ከጎንደር፦ በእኛ አገር ሩር ነው።

የወሎ ልጅ፦ በእኛ ደግሞ ጥንግ ነው፤ ሩርማ—

የደብሊኗ፦ የአየርላንዶቹ «ሽሊተር» ይሏታል። ቀጣይ ጥያቄ።

ኤደን፦ እኅቴ፣ ተጫዋቾቹ በቀሚስ ይጫወቱ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

የደብሊኗ፦ እውነት ነው፤ እንዲያውም እስከ ትናንት ድረስ። በጥንቱ ዘመን ቀሚሱ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ስለነበር ኳስን ሆነ ብሎ በቀሚስ ማስቆም በሕግ ጥፋት ተብሎ ይቆጠር ነበር። ቀሚሱ በየዘመኑ እያጠረ መጥቶ በመጨረሻ «ስኮርት» ሆነ፤ ከፊት ጉርድ ቀሚስ የሚመስል፣ ከውስጥ ግን ቁምጣ የሆነ ልብስ ነው። ተጫዋቾቹ እንደማይመቻቸው ለዓመታት ሲናገሩ ማኅበሩ በ2024 ጉባኤው የቀረቡትን የለውጥ ሐሳቦች ጣላቸው። በግንቦት 2025 የደብሊንና የኪልኬኒ ቡድኖች ለሌንስተር ክፍለ ሀገር ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ቁምጣ ለብሰው ገቡ፤ ዳኛው ካልቀየራችሁ ጨዋታው አይጀመርም አለ፣ ቀይረውም ተጫወቱ። በዚያው ወር በተጠራ ልዩ ጉባኤ 98 ከመቶ ድምፅ ቁምጣ ተፈቀደ። እኔ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ የተማሪዎቹ ቡድን በቁምጣ ሲሟሟቅ ቆይቶ ፊሽካ ሊነፋ ሲል ሁሉም ወደ ሻንጣቸው ሮጠው ስኮርቱን ከላይ ሲደርቡ ነው።

ተስፋ፦ ከክለቡ ተጫዋቾች ምርጧ ማን ናት?

የደብሊኗ፦ እንዲህ ያለው ጥያቄ ጠብ እንጂ መልስ አያመጣም።

ብሩክ ነኝ፦ ክለቡ ስንት ዋንጫ አለው?

የደብሊኗ፦ ዋንጫ መቁጠር የደጋፊ ሥራ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ለታሪክ የሚጠቅመው ውድድሩ እንዴት እንደሰፋ ነው፤ አዳዲስ ኮሌጆች ሲበዙ አሽበርን ለብርቱዎቹ ቀርቶ ለተከታዮቹ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ፐርሴል የተባለ ሌላ ዋንጫ ተጀመረ። የጨዋታው መልክም ተለውጧል። እስከ 1999 ድረስ አንድ ቡድን 12 ተጫዋች ብቻ ነበረው፤ ከዚያ በኋላ ነው እንደ ወንዶቹ 15 ሆኖ በሙሉ ሜዳ ላይ የተጫወቱት። ስለዚህ የ1950ዎቹን ቡድን ከዛሬው ጋር የምታወዳድሩ ሰዎች፣ የምታወዳድሩት ሁለት የተለያዩ ጨዋታዎችን መሆኑን አትርሱ።

የተማሪዎች ማኅበር አባል የነበርኩ፦ የእኛ የግቢ ክለቦች መሥራቾቹ በተመረቁ ማግስት ይፈርሳሉ። ይህኛው ከመቶ ዓመት በላይ እንዴት ጸና?

የደብሊኗ፦ ከዛሬ ጥያቄዎች ሁሉ ይህን ወደድኩት። የተማሪ ክለብ በሦስትና በአራት ዓመት አንዴ ሙሉ በሙሉ ሰው ይለውጣል፤ የመጨረሻው ተመራቂ ሲወጣ የሜዳው ውል፣ የዕዳው መዝገብ፣ የልብሱ ሻንጣ የት እንዳለ የሚያውቅ አይቀርም። ኦፋረሊ ለዚህ ሁለት መፍትሔ አበጀች፤ አስባበት ይሁን ሳታስብ ውጤቱ አንድ ነው።

የመጀመሪያው ራሷ ናት። ከ1914 ጀምሮ በ1951 እስከሞተችበት ጊዜ ድረስ፣ 37 ዓመት ሙሉ፣ የክለቡ ፕሬዚዳንት ነበረች። በዚህ መካከል አንድ ዓለም ጦርነት አልቆ ሌላው ተጀምሮ አልቋል፤ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ የተነሣው የትንሣኤ ሰሞን አመፅ፣ የአየርላንድ የነጻነት ጦርነትና የእርስ በርስ ጦርነት አልፈዋል። በ1930ዎቹ ማኅበሩ አባላቱ ሆኪን የመሳሰሉ «የባዕድ» ጨዋታዎችን እንዳይጫወቱ ሲከለክል በአገሪቱ ካሞጊ ውስጥ ክፍፍል ተነሥቷል። ተማሪ ሁሉ ይመጣል ይሄዳል፤ እሷ ግን እዚያው ናት። በዚያ ላይ የብሔራዊ ዩኒቨርሲቲው ሴኔት አባል ስለነበረች ክለቡ በር ማንኳኳት ሳያስፈልገው ውስጥ ሰው ነበረው። ይህን ማቃለል አይገባም፤ ሜዳና ገንዘብ የሚወሰነው ተጫዋቾቹ በማይገቡበት ክፍል ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ዋንጫው ነው። ዋንጫ ብር ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ ኮርክ ወይም ጎልዌይ ደብዳቤ ጽፎ «ትመጣላችሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል ማለት ነው። ተቀናቃኝ ያለው ክለብ ቢተኛም የሚቀሰቅሰው አያጣም። የእናንተ ክለብ የፈረሰው ምናልባት ሰው አጥቶ ሳይሆን የሚጠብቀው ተጋጣሚ አጥቶ ይሆናል።

አርበኛው፦ ሴትዮዋ በ1914 የተቋቋመውን የሴቶች የነጻነት ማኅበር ምሥረታ መርተዋል ይባላል። እውነት ነው?

የደብሊኗ፦ አዎ፣ በሚያዝያ 1914 ኩማን ና ማን የተባለውን የዚሁኑ ማኅበር መሥራች ስብሰባ መርታለች፤ ከክለቡ ጋር ዓመቱ መግጠሙም ይታየኛል። ነገር ግን ክለቡ የአማፅያን ማሠልጠኛ ነበር ወደሚል ወሬ እንዳትሄዱ። የተባለበት ቦታ አለ፤ ከእኔ ግን አትሰሙትም።

ቤቲ፦ ይቅርታ፣ አሁንስ ቀሚስ ግዴታ ነው?

የደብሊኗ፦ ከላይ ተመልሷል። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ።

አናጺው፦ ዱላው ከምን ዓይነት እንጨት ይሠራል? ወይራ አይሆንም?

የደብሊኗ፦ ወይራ ለዚህ ሥራ ይከብዳል፤ ቢመቱበት ክንድ ያደክማል። ዱላው የሚሠራው ከአሽ ዛፍ ግርጌ፣ ግንዱ ወደ ሥሩ ከሚጎብጥበት ቦታ ተሰንጥቆ ነው፤ የእንጨቱ ጭረት ከጉብጠቱ ጋር አብሮ ስለሚዞር ሲመታ ይለመጣል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም። በቤቴ መግቢያ የቆመው አሮጌ ዱላ ጫፉ በስስ ቆርቆሮ ታስሯል፤ መጨበጫው ላይ የተጠመጠመው ጨርቅ ደግሞ ከላብ ብዛት ጠቁሯል። ከ2012 ወዲህ አንድ የፈንገስ በሽታ የአየርላንድን የአሽ ዛፎች እያደረቀ ስለሆነ ብዙው እንጨት ከውጭ ይገባል፤ ከቀርከሃና ከሰው ሠራሽ ነገር የተሠሩ ዱላዎችም በሜዳ ላይ መታየት ጀምረዋል። ባለፈው የካቲት የኮሌጁ ግቢ በሆነው በቤልፊልድ ሜዳ ላይ አንዲት ተከላካይ ዱላዋ ለሁለት ሲከፈል ስብራቱን ወደ መስመሩ ወርውራ፣ ጓደኛዋ የወረወረችላትን ሌላ ዱላ በሩጫ ላይ እያለች ቀልባ፣ ኳሷን ሳትለቅ ቀጠለች። ሁለተኛው ዱላ የቀርከሃ ነበር።