ቀጭኑ መስመር ለምን ይወፍራል?

ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ አንዲት እህት ጽፋልኛለች። የሠርግ መጥሪያና የምስክር ወረቀት በእጇ እየጻፈች ትሠራለች። ብዕሯ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አፈ ሰፊ የብረት ብዕር ነው። «ወፍራሙ መስመር ያምርልኛል፤ እንደ ጸጉር መቅጠን ያለበት ግን ወፍሮ ይወጣብኛል። የ‹ሌ› እና የ‹ሴ› ቀለበት በቀለም ይደፈናል። ቀለሙ ቶሎ ስለሚደርቅ ውሃ እጨምርበታለሁ፣ ጠበቅ አድርጌም እጫናለሁ። ምን ላድርግ?» ትላለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ አያያዝሽን እንይ። አፈ ሰፊ ብዕር የሚቀጥነው አፉ በተዘረጋበት አቅጣጫ ሲሄድ ነው። ቢላዋ በሳሙና ላይ በስለቱ አቅጣጫ ስትስቢው ክር ያህል ይተዋል፤ በጎኑ ስትስቢው ሰፊ መንገድ ያወጣል። ብዕርም እንደዚያው ነው። ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት እስክሪብቶ እንደያዝነው እንይዘዋለን። ያን ጊዜ አፉ ከሚጻፍበት አግድም መስመር ጋር 45 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በዚህ አያያዝ የአንቺ ብዕር ወደ ታች ሲወርድም ወደ ጎን ሲሄድም እኩል 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይጽፋል። ወፍራምና ቀጭን የሚባል ነገር አይኖርም። 30 ዲግሪ ስታደርጊው አግድሙ 1.5 ይሆናል። 10 ዲግሪ ላይ ስታወርጂው ግማሽ ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ፊደላችን ደግሞ የሚያምረው ቋሚው ሲወፍርና አግድሙ ሲቀጥን ነው። ስለዚህ ክርንሽን ወደ ጎንሽ አስጠጊ፤ የብዕሩ ጭራ ወደ ትከሻሽ ሳይሆን ወደ ደረትሽ ይዙር። እጅሽን ካስቸገረሽ ወረቀቱን አዙሪው፤ የቀኙ ጫፍ ከፍ ይበል።

ሌላው የድሬ ሙቀት ነው። እኔ የምሠራው ሐረር፣ ጁገል ውስጥ ነው። ከእናንተ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምንል አየሩ ቀለሙን አያጣድፈውም። አንቺ ጋ ግን፣ በተለይ ቬንትሌተር ፊት ከተቀመጥሽ፣ ቀለሙ በብዕሩ ስንጥቅ ውስጥ ይደርቃል። ሲደርቅ አልወርድም ይላል። አልወርድም ሲል ትጫኛለሽ። ስትጫኚ ስንጥቁ ይከፈትና ቀጭኑ መስመር ይወፍራል። ውሃ ስታበዢበት ደግሞ ቀለሙን የሚያያይዘው ሙጫ ይሳሳል፣ ቀለሙም ወረቀቱ ላይ ይሰራጫል። ቀለበትሽን የደፈነው እሱ ነው።

እንግዲህ በስኒ ትንሽ ቀለም ቅጂና ዋናውን ጠርሙስ ክደኚው። ቬንትሌተሩን ወደ ሌላ አዙሪ። ከቻልሽ ጠዋት በማለዳ ጻፊ። በየጥቂት ፊደሉ ብዕሩን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ። ውሃ ካስፈለገም በጠብታ ይሁን፣ በሌላ ወረቀት እየሞከርሽ። ብዕሩን ነክረሽ ደግሞ ወዲያው ቀለበት አትጀምሪ። መጀመሪያ ቋሚዎቹን ጻፊ፤ ቀለሙ ሲቀንስ ወደ ቀለበቱ ሂጂ።

አሁን እኔ በጣም ወደምወደው ነገር ልምጣ። እንደ ጸጉር የምትቀጥነውን መስመር የሚጽፋት ሙሉው አፍ አይደለም፤ ማዕዘኑ ነው። ወፍራሙን መስመር ስትጨርሺ ቀለሙ ገና እርጥብ ነው። ያኔ የብዕሩን የቀኝ ማዕዘን ብቻ አንሺና በግራው ማዕዘን እርጥቡን ቀለም ጎትቺው። ከብዕሩ አዲስ ቀለም ብዙም አይወርድም፤ የሚሳበው ገጹ ላይ ያለው ነው። የሚቀጥነውም ለዚህ ነው። እጅሽ ይፍጠን፣ ግን ይቅለል። መጀመሪያ ላይ ይቆራረጥብሻል፤ እኔም ይህን ለመልመድ ወራት ፈጅቶብኛል።

ሐረር ስትመጪ ሸሪፍ ሙዚየም ግቢ። የድሮ የቁርኣን የእጅ ጽሑፎች አሉ። የፊደሉ ጅራት ቀጥኖ ቀጥኖ የሚጠፋበትን ቦታ ብቻ ተመልከቺ። ጽሕፈቱ ሌላ ነው፤ መሣሪያው ግን የኛ ቁም ጸሐፊዎች ብራና ላይ የሚጽፉበት ዓይነት፣ አፉ ሰፋ ተደርጎ የተቀረጸ መቃ ነው። እኔ ያንን ለማየት ብቻ ስንቴ እንደተመላለስኩ!

ወረቀትን በተመለከተ፣ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ለመለማመጃ እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ቀለሙን ይመጥጣል። ብዕሩ አዲስ ከሆነም የፋብሪካው ዘይት እንዲለቅ በሳሙና እጠቢው።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ካልቀጠነ ብዕሩ ዶልዱሟል ማለት ነው። አፉን ወደ ብርሃን አዙረሽ እዪው። ጠርዙ ላይ የሚያብለጨልጭ ነጭ መስመር ካለ ስለቱ ጠፍቷል። የመኪና ቀለም ቀቢዎች በውሃ የሚጠቀሙበትን ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ግዢ፤ ጀርባው ላይ 1000 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ይሁን። መስታወት ላይ ዘርጊውና አርጥቢው። የብዕሩን የላይኛውን ፊት አጋድመሽ አራት አምስት ጊዜ በቀስታ ሳቢው። ከዚያ የታችኛውን ፊት አንዴ ብቻ ጠፍጣፋ አድርገሽ ዳበስ አድርጊው፤ የተረፈውን ሽርፍራፊ ያነሳልሻል። ብዙ አትሞርጂው፣ ብረቱ ስስ ነው። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ከቧጠጠ ሁለቱን ማዕዘኖች በዚያው የብርጭቆ ወረቀት እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ነካ አድርጊያቸው።