የቼዝ ፕሮጀክትሽን ከሲቪሽ ላይ አታውጪው

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ከነኮድሽ አየሁት። ለመመረቂያሽ የቼዝ ኢንጂን (ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም) ሠራሽ። ኢንተርቪው ላይ ግን ጠያቂው «ጥልቀት 6 ለመድረስ (ስድስት ተራ ወደፊት ለማየት) ከ1 ጀምረሽ 2፣ 3፣ 4 እያልሽ ያንኑ መደጋገም ጊዜ ማባከን አይደለም?» ሲልሽ መልስ አጣሽ። አሁን ፕሮጀክቱን ከሲቪዬ ላይ ላውጣው ወይ ትያለሽ።

አታውጪው። ጥያቄው እንኳን ሊጥልሽ ሊያስመሰግንሽ የሚችል ነበር፤ አንቺ ግን ኢተሬቲቭ ዲፕኒንግን (ያንን ከ1 ጀምሮ ጥልቀትን ደረጃ በደረጃ የመጨመር ዘዴ) ጻፍሽው እንጂ ለምን እንደሚሠራ አልጠየቅሽም።

ሒሳቡ ይኸውልሽ። በቼዝ ባለተራው በአማካይ 35 ያህል አማራጭ አለው። ጥልቀት 1 እና 2 ተደምረው 1,260 አቋም (የቦርዱ አሰላለፍ) ናቸው፤ ጥልቀት 3 ብቻውን 42,875። የተደጋገመው ሥራ ከመቶ 3 አይሞላም።

ዋናው ትርፍ ግን ሌላ ቦታ ነው። አልፋ-ቤታ (ውጤቱን የማይለውጡ አማራጮችን ሳይመረምር የሚዘልለው ዘዴ) ብዙ የሚቆርጠው ጥሩውን እንቅስቃሴ ቀድሞ ሲያይ ነው። ቅደም ተከተሉ ፍጹም ቢሆን፣ ጥልቀት 6 ላይ ያለው ከ1.8 ቢሊዮን በላይ አቋም ወደ 85,749 ይወርዳል። ቅደም ተከተሉ ከተበላሸ ግን ቆረጣው ከስሙ በቀር የለም። ታዲያ የትኛው እንቅስቃሴ ይቅደም? ይህን የሚነግርሽ ያለፈው ዙር ነው። ጥልቀት 5 ያገኘውን ምርጥ እንቅስቃሴ ትራንስፖዚሽን ቴብል (የተመረመሩ አቋሞች ውጤት የሚቀመጥበት ሠንጠረዥ) ውስጥ ታስቀምጪያለሽ፤ ጥልቀት 6 ከእሱ ይጀምራል። በዚያ ላይ የጨዋታው ሰዓት አለ፦ ጊዜው ድንገት ቢያልቅ ያለቀው ዙር መልስ በእጅሽ ነው። ይህ ደረጃ በደረጃ መፈለግ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲዎቹ ስሌትና አትኪን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቼዝ 4.5 በተባለው ፕሮግራማቸው የተጠቀሙበት ዘዴ ነው፤ ታዋቂው የቼዝ ኢንጂን ስቶክፊሽም ዛሬ ይሠራበታል።

ወደ ምክር ሥራ ሳልገባ ኮድ ጸሐፊ ነበርኩና ዓይኔ አንድ ስህተት ላይ ዐረፈ። ሰዓት ሲያልቅ ፍለጋሽ ዜሮ ይመልሳል፤ አንቺም ያንን ዜሮ እንደ እውነተኛ ነጥብ ትቀበይዋለሽ፣ ቴብሉ ውስጥም ትከቺዋለሽ። ኢንጂንሽ እየተሸነፈ ከሆነ ዜሮ ማለት አቻ ስለሆነ ያልተመረመረው እንቅስቃሴ ከሁሉም የተሻለ ይመስለዋል። «አንዳንዴ ንግሥቷን በነፃ ይሰጣል» ያልሽው ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። የተቋረጠውን ዙር ውጤት ጣዪው፤ ካለፈው ዙር ያለውን ተጫወቺ።

ከዚያ ለኪ። 50 አቋሞች ምረጪ፤ አንዴ በቀጥታ ጥልቀት 6፣ አንዴ ደረጃ በደረጃ አስኬጂና ስንት ኖድ (አቋም) እንደጎበኘ መዝግቢ። ቴብሉን አጥፍተሽም ሞክሪ። ያኔ መደጋገሙ ኪሳራ ሆኖ ብታገኚው አትደንግጪ፣ ጠያቂውም ግማሽ እውነት ነበረው ማለት ነው። ሲቪው ላይ «የቼዝ ኢንጂን ሠርቻለሁ» የሚለውን አጥፊና ይህንን የራስሽን ቁጥር ጻፊበት።

«በቼዝ ኢንጂን እንጀራ ይበላል ወይ?» ላልሽው፣ ብዙም አይበላም። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ያለው ስቶክፊሽ እንኳ ኮዱ ለማንም ክፍት፣ በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ነው። ሥራ ስትፈልጊ «የቼዝ ፕሮግራመር» የሚል ማስታወቂያ አትጠብቂ፤ ፍጥነትና ማህደረ ትውስታ የሚጨንቃቸውን የሶፍትዌር ቦታዎች ፈልጊ።

መጀመሪያ የዜሮውን ስህተት አስተካክይ፣ ቀጥሎ ልኬቱን ሥሪ፤ ሲቪሽን ከዚያ በኋላ ላኪልኝ።