ሚሊዮኑን ለመቁጠር አትቸኩሉ

ልጆቼ፣ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶቼ የሆናችሁ የኬሚስትሪ ተማሪዎች «ጋሼ፣ በኮምፒውተር ሚሊዮን ውህድ የተዘረዘረበት ላይብረሪ ሠራሁ» ስትሉኝ ደስ ይለኛል። «ከዚህ ውስጥ ላቦራቶሪ ገብቶ የሚሠራው የቱ ነው?» ስል ግን ብዙዎቻችሁ ዝም ትላላችሁ።

ሚሊዮን እኮ ቀላል ነው። 1,000 አሲድ ከ1,000 አሚን ጋር አንድ በአንድ ሲጋጠም 1,000,000 አሚድ፣ ማለትም የሁለቱ ጥምር ውህድ፣ ይወጣል። ይህን የሚያጋጥመው አርዲኪት የሚባል ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ትንሽ የፓይተን ኮድ መጻፍ ለሚችል አሮጌ ላፕቶፕም ይበቃዋል። ኮድ ለማይወድ ናይምና ዳታዋሪየር የሚባሉ ፕሮግራሞች አሉለት። በቁጥር እንፎካከር ካላችሁ ደግሞ አትችሉም። የበርን ዩኒቨርሲቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2012 ሃይድሮጅንን ሳይቆጥር እስከ 17 አተም ያላቸውን ሞለኪውሎች ዘርዝሮ 166 ቢሊዮን አድርሷቸዋል።

ዋናው ሥራ ግብዓቱ ላይ ነው። ከኬሚካል ሻጮች ካታሎግ የምታወርዱት አሚን አንዳንዱ ከክሎራይድ ጋር ጨው ሆኖ የተጻፈ ነው። መጀመሪያ ክሎራይዱን አራግፉ። ቀጥሎ ለፕሮግራሙ «አሚን ማለት ሃይድሮጅን ያለው ናይትሮጅን ነው» ብቻ ካላችሁት፣ የአሚዱንም ናይትሮጅን አሚን ብሎ ያጋጥመዋል። እሱ ምን ያድርግ? ያላችሁትን ነው የሠራው። ሁለት የአሲድ ቡድን ያለው ሞለኪውል ከገባ ደግሞ ከአንድ ጥንድ ሁለት ውጤት ይወጣል። ሞለኪውሉ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ከሆነ ያው ውህድ ሁለቴ ተቆጠረ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ 20 በ20 ሞክሩና 400ውንም ሥዕል በዓይናችሁ እዩ። ይሰለቻል፤ ሻይ ይዛችሁ እዩት። (ውጤቱን በየመሀሉ ፋይል ላይ ጻፉ። የሰፈራችንን መብራት ታውቁታላችሁ።)

መድኃኒት ሊሆን የሚችለውን ውህድ የምታጣሩበትን የሊፒንስኪን ሕግ ደግሞ ሁላችሁም እንደ ዳዊት ትደግሙታላችሁ። የሞለኪውሉ ክብደት ከ500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) ካለፈ ጣሉት! ሕጉ እኮ የወጣው በአፍ ለሚወሰድ መድኃኒት ነው። እንዶድን አስቡ። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት የወንዝ ዳር በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ አስተላላፊ የሆኑትን ማለት ነው። ገዳዩ ሳፖኒን የሚባለው፣ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣው የእንዶዱ ውህድ ነው። መሠረቱ የሆነው ኦሊያኖሊክ አሲድ ብቻውን 456 ይመዝናል፤ ስኳሮቹ ሲጨመሩበት ከ500 በብዙ ያልፋል። ማጣሪያችሁ ሳያቅማማ ይጥለው ነበር። የተፈለገው ግን ወንዝ ውስጥ እንዲሠራ እንጂ በኪኒን መልክ እንዲዋጥ አልነበረም።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አገር ሪኤጀንት (የላቦራቶሪ ኬሚካል) ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ምንዛሪው አለ፣ ጉምሩኩ አለ። የውጭውን ካታሎግ ከማውረዳችሁ በፊት የዲፓርትመንታችሁን ስቶር ኃላፊ መደርደሪያው ላይ ያለውን ዝርዝር ለምኑ። ጊዜው ያለፈበትን አውጡ። 60 አሲድና 40 አሚን ቢተርፍ 2,400 አሚድ ነው። እሱን አምጡልኝ፤ ቁጭ ብለን አብረን እናየዋለን።