ጨውና ቅጠል፦ ጠይቁ፣ ልመልስ

ስለ ጨዋማ አፈርና ስለ ሰብል ቅጠል ያላችሁን ጥያቄ አምጡ ብዬ ነበር። ከጠበቅሁት በላይ መጣ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ አፈሩ እርጥብ ነው፣ ውኃ አልጎደለም። ቅጠሉ ግን ማደግ አቆመ። እንዴት ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ እርጥበት መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ሥሩ ውኃውን መሳብ መቻል አለበት። ጨው ሲበዛ አፈሩ ውኃውን አልለቅም ይላል። ተክሉ ውኃ መሃል ቆሞ ይጠማል ማለት ነው። ቅጠል የሚያድገው ደግሞ ሴሎቹ ውኃ እየጠጡ ሲለጠጡ ነው። ስለዚህ ጨው በድንገት ሲገባ እድገቱ በደቂቃዎች ውስጥ ቀጥ ይላል። በሰዓታት ውስጥ መለስ ይላል፤ የድሮ ፍጥነቱን ግን አያገኝም።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ውኃ ብቻ ቢያገኝ ያድጋል?

መልስ፦ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ተመራማሪዎች ግን ሞክረውታል። ጨው ውስጥ ያለውን ሥር በግፊት ዕቃ ከተው፣ ቅጠሉ ውኃ እንዳያጥረው ግፊት ጨመሩለት። ቅጠሉ ውኃ ጠገበ፤ እድገቱ ግን ለቀናት ሲከታተሉት አልተመለሰም። ሥሩ «ቆጠብ በል» የሚል መልእክት ወደ ላይ ይልካል ማለት ነው። አብሲሲክ አሲድ የተባለው ሆርሞን ዋናው ተጠርጣሪ ነው።

ጥያቄ፦ ቅጠሉ አነስ ቢልም ከወትሮው የጠቆረ አረንጓዴ ነው። ጤነኛ ነው አይደል?

መልስ፦ እንዳትሸወድ! ሴሎቹ ትንንሽ ሆነው ተጠጋግተዋል፣ ቅጠሉም ወፈር ብሏል። ክሎሮፊሉ፣ ማለትም አረንጓዴው ቀለም፣ ጠባብ ቦታ ላይ ስለታጨቀ ነው የጠቆረው። በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ብትለካው ፎቶሲንተሲሱ ደህና ሊሆን ይችላል። ጠቅላላ ስፋቱ ስለቀነሰ ግን ተክሉ የሚሠራው ምግብ ያንሳል።

ጥያቄ፦ ሥሩስ እኩል ይጎዳል?

መልስ፦ አይ፣ በአብዛኛው ከቅጠሉ ያነሰ ነው።

ጥያቄ፦ የታችኞቹ ቅጠሎች ጫፋቸው ተቃጠለ። የናይትሮጅን እጥረት ነው ተብዬ ዩሪያ ጨመርኩ፤ ባሰበት።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ናይትሮጅን ሲጎድል አሮጌው ቅጠል ይገረጣል፣ ይቢጫል። ጨው ሲሆን ጫፉና ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። የፖታሲየም እጥረትም እንዲሁ ስለሚመስል አፈሩን ማስመርመር ይሻላል። ማዳበሪያም ሲሟሟ ጨውነት ስላለው ችግሩን አባብሶት ይሆናል።

ለምን አሮጌው ቅጠል? ጨው ያለበት ውኃ ድስት ላይ ፈልቶ ሲያልቅ ምን ይቀራል? ጨው። ቅጠል ላይም እንደዚያው ነው፤ ውኃው ይተናል፣ ጨው ይጠራቀማል። ከሁሉም ረጅም ጊዜ ሲጠራቀምበት የኖረው አሮጌው ነው። ሴሉ ጨውን ቫክዩል በተባለ ጓዳው ውስጥ ይቆልፍበታል። ጓዳው ሲሞላ ይፈስና ሴሉን ይመርዛል። በአጭሩ፣ አዲሱ ቅጠል ካነሰ ጥም ነው፤ አሮጌው ከተቃጠለ መርዝ ነው። አሮጌዎቹ የሚሞቱት አዲሶቹ ከሚወጡበት ፍጥነት በላይ ከሆነ ተክሉ አለቀለት።

ጥያቄ፦ ጨው ከሶዲየምና ከክሎራይድ የተሠራ ነው፤ ጥፋተኛው የትኛው ነው?

መልስ፦ እንደ ሰብሉ ነው። ስንዴና ሩዝ ላይ ሶዲየሙ ያይላል፤ የፖታሲየምን ቦታ ይሻማል። ወይንና ብርቱካን ላይ ክሎራይዱ ይከፋል።

ጥያቄ፦ የትኛው ሰብል ይችለዋል?

መልስ፦ የአፈር ጨውነት የሚለካው በኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ ነው። በሜትር 4 ዴሲሲመንስና ከዚያ በላይ ከሆነ ጨዋማ ይባላል። ምርት መቀነስ የሚጀምረው ለገብስ 8፣ ለስንዴ 6፣ ለሩዝ 3፣ ለቦሎቄ 1 አካባቢ ነው። ቦሎቄ «ጨዋማ» ተብሎ ስም ባልወጣለት አፈር ላይም ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ከላይ ውኃ ብረጭበትስ?

መልስ፦ ውኃው ራሱ ጨው ካለበት ቅጠሉን በቀጥታ ያቃጥለዋል፣ በተለይ በጠራራ ፀሐይ። ከሥር ማጠጣት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጂፕሰም ልጨምር?

መልስ፦ እህቴ፣ አፈሩ ላይ ሶዲየም ከገነነ አዎ፤ ጂፕሰም ውስጥ ያለው ካልሲየም ሶዲየሙን ያስለቅቀዋል። ተራ ጨዋማነት ከሆነ ግን የሚጠቅመው በንጹሕ ውኃ ማጠብ ነው። ማፋሰሻ ከሌለ ግን አትጀምሪው፤ የከርሰ ምድር ውኃው ከፍ ይልና ጨውን መልሶ ያወጣዋል። የተቃጠለውን ቅጠል ተስፋ አታድርጊበት፣ አይድንም። አዲስ የሚወጣውን ስፋቱን በማስመሪያ እየለካሽ ተከታተይ።