መልስ፦ የጀልባ ሞተር መቆጣጠሪያ ሲላላ

አብሽር ወንድሜ! ሐይቅ ላይ ስለምትነዳት ጀልባ «እጄን ሳነሳ የነዳጅ መስጫው ዘንግ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የመቆጣጠሪያው ሳጥንም ይወዛወዛል» ብለሃል። ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

መጀመሪያ ሞተሩን አጥፋና ዜሮ ማርሽ ላይ አድርገው። የአደጋ ጊዜ ማጥፊያውንም ገመድ ንቀል። ዘንጉ የሚመለሰው ባለበት የሚያቆመው መያዣ ስለላላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሳጥኑ ላይ ወይም ሽፋኑ ስር ማስተካከያ ብሎን አለ፣ ሩብ ሩብ ዙር እያልክ አጥብቀው። ስትለቀው እዚያው ይቁም፣ ስትገፋው ግን አያታግልህ። ከልክ ካለፈ በድንገት ነዳጅ መቀነስ ያስቸግርሃል፤ ያ ደግሞ ከመላላቱ ይብሳል።

የሳጥኑ መወዛወዝ ግን የንዝረት ሥራ ነው። እንጨት ውስጥ ብቻ የተነከሰ ብሎን ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ደጋግሞ ማጥበቅ ትርፉ ድካም ነው። እንጨቱን አልፎ የሚወጣ የማይዝግ ብሎን፣ ከጀርባው ሰፊ ሮንዴላና ውስጡ የፕላስቲክ ቀለበት ያለው ዳዶ ግጠምበት። ዳዶው ከተፈታ በአዲስ ይተካ። በብሎኑና በዳዶው ላይ የቀለም መስመር አሳልፍ፤ መስመሩ ከተዛነፈ መላላቱን በዓይን ታየዋለህ።

አሁንም ዘንጉ ላይ ክፍተት ካለ ከዘንጉ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ካቦ ጫፍ ፒን ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ሽፋኑ የተሰነጠቀ ካቦ ግን ይቀየራል እንጂ በግራሶ አይድንም።

ስትጨርስ ጀልባዋን ዳር ላይ አስረህ ወደፊትም ወደኋላም ማርሽ ሞክር።