ጂፒኤስ የሌለው የሳይክል ኮምፒውተር፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰሞኑን ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ መሪ ላይ ስለሚታሰረው፣ ፍጥነትና ርቀት ስለሚቆጥረው ዕቃ ነው። በቀጥታ ወደ መልሱ ልግባ።

ጥያቄ፦ ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ በሳይክል ነው ሥራ የምመላለሰው። ጂፒኤስ ያለውን ልግዛ ወይስ ርካሹ ይበቃኛል?

መልስ፦ ይበቃሃል። መንገዱን ታውቀዋለህ፣ ካርታ ምን ያደርግልሃል? በማግኔት የሚሠራውን ያዝ። ማግኔቱ የፊት ጎማው ሽቦ ላይ ይታሰራል፣ ፎርኩ (የፊት ጎማውን በሁለት በኩል የያዘው ሹካ) ላይ ባለው ሴንሰር ፊት ባለፈ ቁጥር አንድ ዙር ይቆጠራል፣ በቃ። ሲአር 2032 የምትባለዋ ክብ ባትሪ ለወራት ታገለግልሃለች። እኔን ከጠየቅከኝ ባለገመዱ ይሻላል። ርካሹ ገመድ አልባ ኤልኢዲ መብራት አጠገብ ሲሆን ወይም በቀላል ባቡሩ የኤሌክትሪክ መስመር ሥር ስታልፍ ሊዘባርቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ ገዝቼ አሰርኩት፣ ግን አብረን ነድተን የእኔ ርቀት ሁልጊዜ ከጓደኞቼ ያንሳል። ጎማዬ 29 ኢንች ነው።

መልስ፦ የጎማሽን ዙሪያ አላስገባሽለትም ማለት ነው። ዕቃው የሚያውቀው ዙር መቁጠር ብቻ ነው፤ አንድ ዙር ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ የምትነግሪው አንቺ ነሽ። የቀጭኑ የ700 በ25 ጎማ ልክ 2105 ገደማ ነው፣ የ29 በ2.1 ደግሞ 2288 አካባቢ። እሱ 2105 ላይ ከቆመ 20 ኪሎ ሜትር ነድተሽ 18.4 ብቻ ይልሻል፣ ያሳዝናል!

ከሠንጠረዥ ይልቅ ራስሽ ለኪው። ጎማውን ሁልጊዜ በምትነጂበት ልክ ንፊው፣ ጎማው መሬት የሚነካበት ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጊ፣ አስፋልቱም ላይ እንደዚያው። ከዚያ ሳይክሉ ላይ ተቀመጪና ሰው ቀስ አድርጎ ቀጥ ባለ መስመር ይግፋሽ፣ የጎማው ምልክት ተመልሶ መሬት እስኪነካ፤ እዚያም አስፋልቱ ላይ ምልክት አድርጊ። ተቀመጪ ያልኩሽ ክብደት ሲያርፍበት ጎማው ስለሚረግብና ዙሪያው ስለሚያንስ ነው። አስፋልቱ ላይ ባሉት በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን በሚሊ ሜትር ለኪና አስገቢው።

ጥያቄ፦ የእኔ ጂፒኤስ አለው፣ ግን በሜክሲኮና በብሔራዊ ቴአትር ፎቆች መሀል ፍጥነቱ ይዘላል። ላጥፋው?

መልስ፦ ከሳተላይት የሚመጣው ሲግናል ከፎቆቹ ጋር እየተጋጨ ስለሚደርስ ነው። ሞዞው (የጎማው መሀል) ላይ የሚታሰር የፍጥነት ሴንሰር ጨምርበት፤ አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ሴንሰር ካገኙ ፍጥነቱን ከእሱ ነው የሚወስዱት። ጂፒኤሱን ካጠፋኸው የጎማውን ልክ በእጅህ አስገባ፣ የሄድክበት መንገድ ካርታም እንደማይመዘገብልህ እወቅ።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንጦጦ እወጣለሁ። ያለ ጂፒኤስ ከፍታ ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ አባባ፣ ግን የአየር ግፊት መለኪያ ያለውን ሞዴል ይምረጡ፣ ተራው ከፍታ አያሳይም። ግፊቱ ከአየሩ ጋር ስለሚቀያየር ከቤትዎ ሲነሱ የሰፈርዎን ከፍታ ያስገቡለት፤ መስቀል አደባባይ አካባቢ 2,350 ሜትር ገደማ ነው። ዝናብ ሊመጣ ደመናው ሲከብድ እርስዎ ሳይነቃነቁም ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል፣ ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም።